ዝም ያለ ጥርስ ሁሉ አልዳነም



በረመዷን ከደረሶቻችን አንዱ ሱጁድ በወረደ ቁጥር መንጋጋውን ይይዝ ነበር። ጎንበስ ሲል ጥርሱ ይጠዘጥዘዋል። "ታከም" ስንለው "ጾሜ ይበላሽብኛል፣ ከዒድ በኋላ" አለን። ከፋርማሲ አሞክሳሲሊን ገዝቶ ማታ ማታ ዋጠ። ከሳምንት በኋላ ሕመሙ ጠፋ። "አልሐምዱሊላህ፣ ዳንኩ" አለ፤ እኛም አመንነው። በሸዋል ወር ፊቱ አብጦ፣ አፉን መክፈት አቅቶት ሆስፒታል ይዘነው ሮጥን።

ውድ ወንድምና እህቶች! ጥርስ ውስጡ ነርቭና የደም ሥር አለው። ቡርቦራው እዚያ ሲደርስ ባክቴሪያ ይገባና ያማል። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ሊቆም ይችላል፤ በሽታው ግን በሥሩ ጫፍ ወደ አጥንት አልፎ መግል ይቋጥራል። ኪኒን ብቻውን የማያድነውም ለዚህ ነው። መድኃኒት የሚጓዘው በደም ነው፤ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደግሞ ደም አይዞርም።

መፍትሔው ምንጩን ማስወገድ ነው። ሐኪሙ አደንዝዞ ጥርሱን ከላይ ይከፍታል፤ የሥሩን ቦይ ጠርጎ፣ አጥቦ ይደፍነዋል። ሩት ካናል የሚባለው ይህ ነው። ጥርሱ የማይተርፍ ከሆነ ይነቀላል። አንቲባዮቲክ የሚታዘዘው እብጠቱ ሲስፋፋ ወይም ትኩሳት ሲኖር ነው፤ ያውም ከሕክምናው ጋር እንጂ በምትኩ አይደለም።

"ሩት ካናል ውድ ነው" ትሉን ይሆናል። እውነት ነው። ቀዳዳው ትንሽ ሳለ ማስሞላት ግን ከሩት ካናል ይረክሳል።

ጾሙስ? በ1997 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ አካዳሚ፣ ወደ ጉሮሮ የሚወርደውን ከመዋጥ እስከተጠነቀቁ ድረስ ጥርስ ማስቦርቦርም ሆነ ማስነቀል ጾም እንደማያበላሽ ወስኗል። ይህን ለዚያ ልጅ በጊዜው አለመንገራችን የእኛ ጥፋት ነው። መስጂድ ውስጥ "ሶብር አድርግ" ማለት ይቀናናል። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ግን መታከምን አዘዋል፤ ሕክምናን መተው ሶብር አይደለም።

ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ ነገ አትበሉ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ሂዱ። ሚስዋካችሁንም አትተዉ። ሚስዋክ ጥርስን ይጠብቃል፤ ሥሩ የታመመን ጥርስ ግን አያክምም።

አላህ ዓፊያውን ይስጠን። ወላሁ አዕለም።