በግማሽ የምናውቃቸው ቃላት

ለአይኤልትስ ወይም ለቶፍል የእንግሊዝኛ ፈተና የሚዘጋጅ ወጣት ቃላት ላጥና ሲል መጀመሪያ እጁ የሚገባው ዝርዝር ነው። በየፎቶ ኮፒ ቤቱ ተጠርዞ ይሸጣል፤ በየቴሌግራም ቻናሉ በፒዲኤፍ ይለቀቃል። በግራ እንግሊዝኛው፣ በቀኝ አንድ የአማርኛ ፍቺ። ልጁ ሌሊት እየተነሳ ይሸመድዳል፤ ጓደኛው ሲጠይቀው አንድ በአንድ ይመልሳል። ፈተና ክፍል ገብቶ ድርሰት ጻፍ ሲባል ግን ከሸመደደው ውስጥ አንዱም አይመጣለትም፤ ከመጣም ያለቦታው ይገባል። ይህን ደጋግሜ ስላየሁ፣ የልጆቹ ድካምም ስለሚያሳዝነኝ፣ ስለ ዝርዝሩ የማምንበትን ልናገር።

በአይኤልትስ የጽሑፍና የንግግር ክፍሎች ውጤት የሚሰጠው በአራት መስፈርቶች ነው። የቃላት አጠቃቀም ከአራቱ አንዱ ሲሆን ሩቡን ይይዛል። ከፍ ያለ ነጥብ የሚፈልግ ተፈታኝ እምብዛም ያልተለመዱ ቃላትን እንዲጠቀም ይጠበቅበታል፤ ይህ እውነት ነው። አብሮ የሚታየው ግን ቃሉ በቦታው መግባቱና ከጎኑ ካሉት ቃላት ጋር መስማማቱ ነው። ሁለተኛው የጽሑፍ ጥያቄ ቢያንስ 250 ቃል ይፈልጋል፤ የሚመከረውም ጊዜ 40 ደቂቃ ነው። በዚህች ጊዜ ከዝርዝር ላይ የተነቀለ ከባድ ቃል በቀላል ዓረፍተ ነገር መሀል ሲሰነቀር አራሚው ወዲያው ያየዋል።

ታዲያ የትኞቹ ቃላት ይጠኑ? የኒውዚላንዷ ተመራማሪ አቬሪል ኮክስሄድ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ያህል ቃላት ካሉበት የዩኒቨርሲቲ ንባብ ክምችት ለቅማ፣ እ.ኤ.አ. በ2000 የ570 የቃል ቤተሰቦችን ዝርዝር አሳትማለች። የቃል ቤተሰብ ሲባል አንዱ ቃል ከነእርባታው ነው። በጣም የተለመዱት ሁለት ሺህ ያህል ቃላት ከዚህ ውጭ ናቸው። የእሷ ዝርዝር ብቻውን ከአንድ የትምህርት ጽሑፍ አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። ለእኛ አገር ተማሪ ትልቁ የምሥራች እዚህ ላይ ነው። በዝርዝሩ ውስጥ ፋክተር፣ ፕሮሰስ፣ ፈንክሽን፣ ሪጅን፣ ኢነርጂ፣ ኢንቫይሮንመንት አሉበት። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውንም ጂኦግራፊውንም በእንግሊዝኛ የተማረ ልጅ እነዚህን ሺህ ጊዜ አይቷቸዋል። በገጽ ላይ ሲያያቸው ያውቃቸዋል፤ ብዕር ሲያነሳ ግን ይሸሹታል።

ለዚህ ልጁን አልወቅስም። አስተማሪው ይናገራል፣ ተማሪው ይገለብጣል፤ ክፍሉ የተጨናነቀ ስለሆነ የሁሉንም አንቀጽ አንብቦ የሚያርም መምህር አይገኝም፤ የአገር አቀፉ ፈተናም የምርጫ ጥያቄ ነው። ትክክለኛውን መልስ ማጥቆር የለመደ ሰው ቃሉን ከራሱ አውጥቶ እንዲጠቀም ያስገደደው አልነበረም። ስለዚህ ፈተናው ሁለትና ሦስት ወር የቀረው ተፈታኝ አዲስ ሺህ ቃል ከመጨመሩ በፊት በግማሽ የሚያውቃቸውን ሙሉ ማድረግ አለበት ባይ ነኝ። በዚህ ነገር ከብዙ አሠልጣኞች ጋር አልስማማም።

እንዴት ለሚል ጥያቄ፣ በመጀመሪያ ደጋግሞ ማንበብ ያታልላል። ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱን ምንባብ ደግመው ያነበቡ ተማሪዎች ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የተሻለ መልሰዋል። ከሳምንት በኋላ ግን የበለጡት ጽሑፉ ሳይታያቸው ለማስታወስ የታገሉት ናቸው። ሸምዳጁ «ገብቶኛል» ብሎ የሚተኛው በዚያች አምስት ደቂቃ ስሜት ነው። ወረቀቱን መክደን፣ ቃሉን ከራስ ማውጣት፣ ከቀን በኋላ፣ ከሳምንት በኋላ እንደገና መሞከር ያስፈልጋል። ጀርመናዊው ሴባስቲያን ላይትነር ይህንኑ በካርቶን ሳጥንና በትንንሽ ካርዶች እንዲሠራ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አስተምሯል፤ ዛሬ አንኪ የሚባለው ፕሮግራም በአንድሮይድ ስልክ ላይ በነጻ ይሠራዋል። ስልክ የሌለው የደብተር ወረቀት ቆርጦ ይበቃዋል።

በካርዱ ላይ ግን አንድ ቃል ለብቻው አይጻፍ። በአማርኛ ዝናብ ይጥላል፣ መብረቅ ይወርዳል። የውጭ ሰው «ዝናብ ወደቀ» ቢለን እንረዳዋለን፤ ጆሯችን ግን አይቀበለውም። የእኛም ልጆች «ኃይለኛ ዝናብ» ለማለት ስትሮንግ ሬይን ብለው ይጽፋሉ። እንግሊዝኛው ለነፋስ ስትሮንግ ይላል፣ ለዝናብ ግን ሄቪ። ዲሲዥንም ሜክ ይደረጋል እንጂ ዱ አይደረግም። ይህን ጉርብትና አንድ የአማርኛ ፍቺ ሊነግረን አይችልም። የአምሳሉ አክሊሉና የሞስባክ እንግሊዝኛ-አማርኛ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ1973 ከታተመ ጀምሮ ስንቱን አገልግሏል፤ ባለውለታችን ነው። ለዚህ ሥራ ግን ለቋንቋው ተማሪዎች ተብሎ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ-እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ያስፈልጋል። ስመ ጥሩውን የኦክስፎርድ ሥራ የጀመረው ሆርንቢ ጃፓን ውስጥ ሲያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ የመጀመሪያው እትምም እ.ኤ.አ. በ1942 የወጣው ቶኪዮ ነው። ተማሪው የት ላይ እንደሚደናቀፍ በክፍል ውስጥ ያየ መምህር ያዘጋጀው ስለሆነ፣ ቃሉ ከምን ጋር እንደሚሄድ በምሳሌ ዓረፍተ ነገር ያሳያል።

ጊዜ ያለው ሰውማ ሰፋ አድርጎ ያንብብ። ፖል ኔሽን የተባለው የቃላት ሊቅ እንዳሰላው፣ ጋዜጣና ልቦለድ ያለ ረዳት ለማንበብ ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሺህ የቃል ቤተሰብ ማወቅ ይጠይቃል። ይህ በዝርዝር አይሞላም። የሚወዱትን ርዕስ፣ እግር ኳስም ይሁን እርሻ ወይም ሕክምና፣ በየቀኑ በእንግሊዝኛ ማንበብ ነው። አራት ኪሎ ያለው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት መጽሐፍ መግዛት ለማይችል ልጅ ክፍት ነው።

እንግሊዝ አገር ለመሥራት የምታመለክት ነርስ በአይኤልትስ በማንበብ፣ በማዳመጥና በመናገር 7፣ በጽሑፍ 6.5 ስትጠየቅ ቆይታለች። ለዚህ ፈተና የሚከፈለው የስንት ወር ደመወዝ ቁጠባ ነው። የማሠልጠኛ ቤቶች ይህን እያወቁ «የባንድ 9 ቃላት»፣ ማለትም የከፍተኛው ውጤት ቃላት፣ የሚል ጥራዝ ይሸጡላታል፤ ዝርዝር ማባዛት ርካሽ፣ ድርሰት ማረም ግን ውድ ስለሆነ። እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ከመመዝገባችሁ በፊት ስንት ቃል እንደሚሰጧችሁ አትጠይቁ። በሳምንት ስንት ጽሑፌ ይታረማል፣ ማን ያርመዋል፣ ያለቦታው የገባው ቃልስ ለምን እንደማይሆን ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። መልስ ከሌላቸው ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።