ዝምተኛ ሰው ከእንግዳ ጋራ ሲተዋወቅ

በተፈጥሮው ዝምተኛ የሆነ ሰው ከማያውቀው ሰው ፊት በቀረበ ጊዜ ጠባዩ ሳይመረመር «ኩሩ ነው» ይባላል። በዚህም ምክንያት ብዙ ደግ ልጅ ከሥራም፤ ከወዳጅነትም፤ ከጋብቻም ሲቀር እናያለን። ዝም አይነቅዝም የሚለው ተረት እውነት ነው፤ ነገር ግን እንግዳው የዝምታውን ምክንያት ሊያውቅ አይችልምና፤ ማስረዳቱ የዝምተኛው ፋንታ ነው።

ለዚህም ብዙ መናገር አያሻውም። አስቀድሞ ከመቀመጫው ተነሥቶ፤ ዓይኑን ከመሬት አንሥቶ፤ ድምፁን ሳይውጥ የእግዜር ሰላምታ ይስጥ። ቀጥሎም ሰውየው ከተናገረው ነገር አንዱን ይዞ ይጠይቅ። ከጎጃም መጣሁ ላለው ሰው «ከየትኛው ወረዳ ነዎ? መንገዱስ እንዴት ነበረ?» ቢለው፤ ማዳመጡ ይታወቅለታል። የሐርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት በፈረንጆች አቆጣጠር በ2017 ባወጡት ጥናት፤ ከተሰጠው መልስ ተነሥቶ ደግሞ የሚጠይቅ ሰው ይበልጥ እንደሚወደድ ገልጠዋል። ማዳመጥ ለለመደ ዝምተኛ ይህ አይከብደውም።

ከተሰናበተም በኋላ «ምን አሉኝ ይሆን?» እያለ ራሱን እንዳያስጨንቅ እንመክራለን። በ2018 የታተመ ሌላ ምርመራ፤ አዲስ የተዋወቁ ሰዎች ከተጫወቱ በኋላ በእውነት ከተወደዱት ያነሰ የተወደዱ እንደሚመስላቸው፤ ይህም ግምት በዓይነ አፋሮች ዘንድ እንደሚብስ አስረድቷል።

ወላጆች ሆይ፤ ልጃችሁን በእንግዳ ፊት «ይህ አፍ የለውም» አትበሉት። ሰላምታውንና አንዲቱን ጥያቄ አስተምሩት፤ የቀረውን ጠባዩ ይናገርለታል።