ካምቢዮውን በብየዳ አትቸንክሩት

ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ወዳጃችን ጋራዥ ተሰብስበን ከቀትር እስከ ማታ ስንከራከር ዋልን። እንደ ልማዳችን ስለ አገር ጉዳይ ይመስላችሁ ይሆናል። አይደለም፤ ክርክሩ የ1972 ሼቭሮሌት ኖቫ ካምቢዮ በምን ይታሰር የሚል ነበር። (እኛ ካምቢዮ ስንል እዚህ ያደጉት ልጆች ትራንስሚሽን ይላሉ፤ ለመግባባት ብቻ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።)

ባለመኪናው ታክሲ እየነዳ ከቤት ወጪ የተረፈችውን ሳንቲም ሁለት ዓመት ያፈሰሰበት መኪና ነው። ባለ ሦስት ማርሹን ቱርቦ 350 አውጥቶ ባለ አራት ማርሹን 700አር4 ሊያስገባ ቆርጧል። በምርጫው አልነቅፈውም። ጄኔራል ሞተርስ ለ1982 ሞዴል ያወጣው ይህ ካምቢዮ አንደኛ ማርሹ 3.06 ስለሆነ ከቆመበት ሲነሣ ይጎትታል፤ አራተኛው 0.70 ስለሆነ በአውራ ጎዳና ሞተሩ በሦስተኛ ከሚዞረው 30 በመቶ ቀንሶ ይዞራል። ችግሩ ማሰሪያው ከቀድሞው ሁለት ኢንች ያህል ወደ ኋላ መራቁ ነው። የድሮው አግዳሚ ብረት በነበረበት አይገጥምም።

ወጣቶቹ መፍትሔው ቀላል ነው አሉ፦ አዲስ ብረት ከሻንሲው ጋር በይዶ ካምቢዮውን ያለ ላስቲክ በቡሎን ማጥበቅ። እኔ አልተስማማሁም። የሞተሩ ማረፊያ ጎሚኒዎች ላስቲክ ናቸው። ነዳጅ ሲረገጥ ሞተሩ ወደ ጎን ይጠማዘዛል፤ ካምቢዮውም ከእሱ ጋር አንድ አካል ነውና አብሮ መሄድ አለበት። ኋላውን በብረት ከቸነከራችሁት ኃይሉ የሚያርፈው በአሉሚኒየሙ የካምቢዮ ቤት ላይ ነው፤ የሚሰነጠቀውም እሱ ነው። አንድ ጋራዥ፣ ስሙን ልተወው፣ ከዓመታት በፊት በእኔው መኪና ላይ ይህንኑ ሠርቶልኝ ክረምቱን በሙሉ ከመኪናዬ ሥር ካርቶን ሳነጥፍ ከርሜአለሁ። አግዳሚው በብየዳ ስለተያዘም ካምቢዮውን ለማውረድ ብረቱን መቁረጥ ግድ ሆነ።

ፖሊዩሬቴን ይሻላል ያለም ነበር። ለውድድር ይሁን፤ ሚስትና ልጆች ለሚሳፈሩበት መኪና ግን ንዝረቱን ወደ ወንበሩ ያመጣዋል። ላስቲኩ ይበቃል። ነገ የሞተሩን ጎሚኒ በብረት ቢለውጥ እንኳ የኋላው ላስቲክ ይቆይ፤ ሻንሲው ራሱ ይተጣጠፋልና።

ከሁሉ በፊት ግን ማዕዘኑ። መኪናው በአራት ጎማው ላይ ቆሞ፣ ክብደቱን ይዞ፣ ካምቢዮው በክሪክ ተደግፎ ይለካ። በአብዛኛው ጭራው ሦስት ዲግሪ ያህል ወደ ታች ይላል፤ የዲፈረንሲያሉ አፍንጫም ከእሱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። በሁለቱ ክሮቼራዎች ላይ ያለው ማዕዘን እኩል ካልሆነ መኪናው ፍጥነት ሲጨምር ይንቀጠቀጣል፤ ያኔ ጎማ ቢያስተካክሉ ምን ይረባል? ማዕዘኑ ከተገኘ በኋላ ነው አግዳሚው የሚሠራው፣ እሱም በቡሎን የሚፈታ ሆኖ። ካምቢዮው ሦስት ኢንች ያህል ስለሚረዝም ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ይቆረጣል። ከካርቡሬተሩ ወደ ካምቢዮው የሚወርደውን ሽቦም በልኩ ያስሩት፤ ከላላ የዘይቱ ግፊት ይወርድና ውስጡ ይቃጠላል።

ለመጪው ቅዳሜ የማዕዘን መለኪያዬን ይዤ እሄዳለሁ። የብየዳ ማሽኑን ግን ባለቤቱ ከቤት እንዳያወጣው ለምኜዋለሁ።