ቮላኖና የሐረጎ ዳገት

ኮምቦልቻ የሚሠራ አንድ ጸሐፊ ወዳጄ ያጠራቀመውን ገንዘብ ይዞ ደሴ መጣና፥ «መኪናዬ እንደ እሽቅድምድም መኪና እንድትፈጥን ቮላኖዋን ቶርኖ ቤት ላስቀልለው?» ሲል ጠየቀኝ።

እርግጥ ነው፥ ቮላኖው ሲቀል ሞተሩ ነዳጅ እንደ ተሰጠው ፈጥኖ ይሽከረከራል። ነገር ግን ቮላኖ የጉልበት ጎተራ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ፥ ተራ ሞተር በባሕር ጠረፍ ከሚሰጠው ጉልበት ሩቡን ያህል ያጣል። በዚህ ላይ ጎተራውን ካጎደልነው፥ ሐረጎ ዳገት መካከል ቆመን ስንነሣ ሞተሩ ይጠፋል፤ እንዳይጠፋ ፍሪሲዮኑን በግማሽ ስንይዝ ሸራው ይቃጠላል። (ያን ሽታ በዚያ መንገድ የተመላለሰ ሁሉ ያውቀዋል።)

ከዚህም የሚከፋ አለ። ከልክ በላይ የተላገ አሮጌ ቮላኖ በፍጥነት ሲዞር ሊሰነጠቅና ሊፈነዳ ይችላል፤ በእርሱ መኪና ደግሞ ቦታው ከሹፌሩ እግር አጠገብ ነው።

«ቮላኖውን ተወው፤ ሸራውን፥ የሚጫነውን ብረትና ኩሽኔታውን አንድ ላይ አስለውጥ» አልሁት። ቅር እያለው ሄደ።