ስፋት በማያሳይ ፊልም አጥንት መመዘን

ሰው ሠራሽ ጥርስ በመንጋጋ ውስጥ ለመትከል ሲታሰብ በቅድሚያ የሚነሳው ፓኖራማ ራጅ ነው። ሁለቱንም መንጋጋዎች በአንድ ጊዜ ያሳያል፣ ጨረሩ ትንሽ ነው፣ ዋጋውም ከሌላው ይቀላል፤ ለመነሻ ያህል የሚነቀፍ ነገር የለበትም። ጥፋቱ የሚመጣው «አጥንቱ ይበቃል» ወይም «አጥንት መጨመር አለበት» የሚለው ውሳኔ በዚሁ አንድ ፊልም ሲቋጭ ነው።

ፓኖራማ የአጥንቱን ቁመት ያሳያል፤ ከጉንጭ ወደ ምላስ ያለው ስፋት ግን በፊልሙ ላይ ጨርሶ የለም። ቁመቱም ቢሆን እንዳለ አይወጣም። ምስሉ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ያገዝፋል፣ ይህም ከመንጋጋው አንዱ ክፍል ወደ ሌላው ይለያያል፣ ታካሚው ራሱን ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ ይዛባል። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ቀድሞ የሚሳሳው ስፋቱ መሆኑ ነገሩን ያከፋዋል፤ በአንድ ዓመት ውስጥ ግማሽ ያህሉ ሊጠፋ ይችላል፣ አብዛኛው የሚጠፋውም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ነው። ስለዚህ ጥርሱን ከዓመታት በፊት ያስነቀለ ሰው አጥንቱ እንደ ቢላ ስለት ቀጥኖ ሳለ በፓኖራማ ላይ ሙሉ መስሎ ይታያል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ተከላ በጉንጭና በምላስ በኩል ቢያንስ አንድ አንድ ሚሊ ሜትር አጥንት ሊተርፍለት ይገባል፤ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች በሆነ ስፋት ላይ መብሳት አደጋ አለው። በታችኛው መንጋጋ ከምላስ በኩል አጥንቱ ወደ ውስጥ የሚሰረጉድበት ቦታ አለ። መሰርሰሪያው በዚያ ከወጣና የደም ሥር ከቆረጠ ከምላስ ሥር የሚጠራቀመው ደም የመተንፈሻ አካልን እስከ መዝጋት ሊደርስ ይችላል።

ስህተቱ በተቃራኒው በኩልም አለ። በላይኛው መንጋጋ ኋለኛ ክፍል ፊልሙ ሳይነስ የሚባለውን፣ ከአጥንቱ በላይ ያለውን የአየር ክፍተት ዝቅ አድርጎ ካሳየ አጥንት የመጨመር ቀዶ ሕክምና ወዲያው ይታዘዛል፤ አጥንቱን አቋርጦ በሚያሳይ ተሻጋሪ ምስል ቢታይ ግን ለአጭር ተከላ የሚበቃ አጥንት ሊገኝ ይችላል። አጥንት መጨመር ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። ተጨማሪ ወጪ፣ ተጨማሪ ቁስልና የብዙ ወራት ጥበቃ አለው። ብዙ ጊዜ የሚጨመረው ዱቄት ከከብት አጥንት ይዘጋጃል፣ በላዩ ከሚለበጡት ስስ ሽፋኖች መካከልም ከአሳማ የሚሠሩ አሉ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአሳማ በሚርቅበት አገር ይህን ለታካሚው ሳይነግሩ መቀጠል ነውር ነው።

የአሜሪካ የአፍ፣ የፊትና የመንጋጋ ራዲዮሎጂ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ2012 ያወጣው ምክር ግልጽ ነው፤ ፓኖራማ ለመጀመሪያ ቅኝት፣ የተከላውን ቦታ ለማቀድ ደግሞ አጥንቱን አቋርጦ የሚያሳይ ምስል፣ በተለይም ኮን ቢም ሲቲ። መሣሪያው ለጥርስ ሕክምና ከዋለ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል።

በፓኖራማ ብቻ ለሚወሰንበት ልማድ የሚቀርበው መከላከያ የገንዘብና የርቀት ነው፤ ችላ የሚባልም አይደለም። በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ በቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም የሚኖር ሰው ለተጨማሪ ምስል ወደ አያት፣ መገናኛ ወይም ቦሌ ሲመላለስ የታክሲው ብርና የሥራ ቀኑ ይቆጠርበታል። ታዲያ ይህን ሸክም የሚያቀልለው በግምት መብሳት አይደለም። ሐኪሙ በመጀመሪያ አጥንቱን በጣቱ ቢዳስስ፣ ካደነዘዘ በኋላ ደግሞ የድዱን ውፍረት በመርፌ ቢለካ ስፋቱን እዚያው ወንበር ላይ በብዙ ሁኔታ ሊገምት ይችላል፤ የሚያጠራጥረውን ብቻ ለይቶ ይልካል። አጥንት ሊጨመር ሲታሰብ ግን የተሻጋሪ ምስሉ ዋጋ አላስፈላጊ ከሆነ ቀዶ ሕክምና ዋጋ ጋር መመዘን አለበት፣ ሚዛኑም ወደ ምስሉ ያደላል።

ይህ ማለት ሁሉም ሰው ኮን ቢም ሲቲ ይነሳ ማለት አይደለም። ጨረሩ ከፓኖራማ ብዙ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል የማዘዣ ወረቀቱ የትኛው ጥርስ ቦታ እንደሚፈለግ ይጥቀስ፣ የሚነሳውም ጠባብ ክፍል ይሁን። በስክሪን ላይ ያለውን የግራጫ መጠን ቁጥር አንብቦ «አጥንትህ ለስላሳ ነው» ማለትም መሠረት የለውም፤ በኮን ቢም ሲቲ ይህ ቁጥር እንደ ሆስፒታሉ ሲቲ ስካን የተረጋገጠ የጥንካሬ መለኪያ አይደለም። የተነሳው ምስል ደግሞ የታካሚው ንብረት ሆኖ በዲስክ ወይም በፍላሽ ይሰጠው፤ ክሊኒክ ሲቀይር ለዚያው አጥንት ዳግም ጨረር እንዳይቀበልና ዳግም እንዳይከፍል።