የቤት ማጫወቻ፤ የጠራ ድምፅና የቀለለ አያያዝ

ለቤቱ የሙዚቃ ማጫወቻ ሊገዛ የተነሣ ሰው ሁሉ ከሁለት ነገር አንዱን ምረጥ የተባለ ይመስለዋል። አንደኛው ድምፁ የጠራ፥ ነገር ግን ማጉያው ለብቻ፥ ማጫወቻው ለብቻ፥ ስፒከሩም ለብቻ ሆኖ ሽቦው የበዛ ነው። ሁለተኛው ከመዳፍ እምብዛም የማይበልጥ፥ ከስልክ በብሉቱዝ የሚቀበል፥ ሕፃንም ሽማግሌም ያለ አስተማሪ የሚያዝዘው ነው። በዚህ ነገር ባልና ሚስት ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ስለምንሰማ፥ ዛሬ ይህን ቦታ ለዚሁ ጉዳይ ሰጥተነዋል።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ንግሥት ቪክቶርያ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1898 ዓ.ም. ለዐፄ ምኒልክና ለእቴጌ ጣይቱ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀርጸው በላኩ ጊዜ፥ ያ ድምፅ እንደ ዛሬው የጠራ ሊሆን አይችልም ነበር። ነገር ግን የሩቅ ሰው ቃል በእልፍኝ ውስጥ ሲሰማ ጥራቱን ማን ይመረምራል? በኋላም በ78 ዙር ሸክላ ዘመን የብረቱ መርፌ ቶሎ ቶሎ መለወጥ ነበረበት፤ አንዱም ገጽ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ብቻ ስለሚጫወት አድማጩ ከወንበሩ ሳይነሣ ረጅም ድርሰት ሊፈጽም አይችልም ነበር። በ1948 የአሜሪቃው ኮሎምቢያ ኩባንያ በደቂቃ 33 ዙር ከሲሶ የሚዞረውን ሸክላ ሲያወጣ ግን፥ አንዱ ገጽ 20 ደቂቃ ያህል መጫወት ቻለ፤ የመርፌውም ኳኳታ ቀነሰ። እንዲህ ድምፁም አያያዙም አብረው የተሻሻሉበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ብንመለከት ቅለት ጥራትን ሲያሸንፍ እናገኛለን። ፊሊፕስ በ1963 ያወጣው ካሴት፥ ክሩ 4 ሚሊ ሜትር እንኳ የማይሞላ ስፋት ያለውና በሴኮንድ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ የሚጓዝ ስለ ሆነ፥ ከትልቁ የቴፕ ጥቅል ይልቅ የሹክሹክታ ድምፅ ይበዛበት ነበር። ነገር ግን በኪስ ይያዛል፥ በመኪና ይሰማል፥ በቤት ይቀዳል፤ ስለዚህ በአገራችንም የሸክላን ቦታ ወሰደ። ደግሞ በ1999 ሶኒና ፊሊፕስ ከሲዲ የሚበልጥ ሱፐር ኦዲዮ ሲዲ የሚባለውን ሲያቀርቡ፥ ሕዝቡ ወደርሱ ሳይሆን ወደ ኤምፒስሪ አዘነበለ፤ ይኸውም በጊዜው በተለመደው መጠን የሲዲውን ዝርዝር ወደ ዐሥራ አንድ እጅ ግድም ያሳነሰ ነው። ሕዝቡን ተሳስቷል ልንል አንደፍርም።

አንድ የምናውቃቸው ባለ ማዕረግ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው እጅግ ያማረ መሣሪያ በሳሎናቸው አቆሙ። የርቀት መቈጣጠሪያው አምስት ነው፤ የትኛው ለየትኛው እንደ ሆነ የሚያውቁ ግን እርሳቸው ብቻ ናቸው። እርሳቸው ወደ ክፍለ ሀገር በሄዱ ቍጥር ቤቱ ዝም ይላል። ባለቤታቸው በዐቢይ ጾም የሚወዱትን በገና በማድ ቤት መደርደሪያ ላይ ባለች ትንሽ ስፒከር ሲሰሙ ሰነበቱ። ጌታው ተመልሰው «ይህ ደግሞ ድምፅ ነውን?» ቢሉ፥ ወይዘሮዋ «የእርስዎ መሣሪያ ያለ እርስዎ አይናገርም፤ ይህች ግን ለሁላችን ትናገራለች» ብለው መለሱላቸው።

በእኛ አሳብ ወይዘሮዋ ረትተዋል፤ ነገር ግን ጌታውም ያለ ምክንያት አልተቈጡም። የበገና ዐሥሩ ጅማቶች እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ አላቸው። በመዳፍ የምትያዝ ስፒከር ደግሞ በሴኮንድ ከ100 ጊዜ በታች የሚርገበገበውን ድምፅ በሚገባ ለማውጣት የሚበቃ አየር መግፋት አትችልም። የሰው ጆሮ ግን ከላይ ካሉት ረቂቅ ድምፆች ተነሥቶ የጐደለውን ታች በግምት ይሞላዋል፤ ከጅማቱ ሥር የምትገባው ቍራሽ ቆዳ የምትሰጠውም ነዘር ያሉ ድምፆችን ስለሚያበዛ በገናው ይታወቃል። ይታወቃል እንጂ ደረት ውስጥ አይገባም። በገናን በቅርብ ተቀምጦ የሰማ ሰው የቀረበት ምን እንደ ሆነ ያውቃል፤ በቤቱ ከትንሿ ስፒከር በቀር ሰምቶ የማያውቅ ልጅ ግን በገና ማለት ያች ንዝረት ብቻ ትመስለዋለች። እኛን እጅግ የሚያሳስበን ይኸው ነው።

እንግዲህ ገንዘቡ ወዴት ይሂድ? አብዛኛው ወደ ስፒከሩ ይሂድ እንላለን። በከፍተኛ መጠን የተቀዳን ኤምፒስሪ ከሲዲው ለይቶ ማወቅ ለብዙ ሰው ይቸግራል፤ መልካሙን ስፒከር ከደካማው መለየት ግን ለማንም አይቸግርም። ሁለት መካከለኛ ስፒከሮች፥ አንድ የድምፅ መጠን መዘውር ያለው ማጉያ፥ ከርሱም ጋር ከስልክ በብሉቱዝ የሚቀበል አንድ ትንሽ መቀበያ ይበቃሉ። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ወይዘሮዋም ልጆቹም የለመዱትን ስልክ ይነካሉ፥ ድምፁ ግን ከትልቁ ይወጣል። ሸክላ የሚወድ ሰው ማዞሪያውን ከዚያው ማጉያ ላይ ይጨምር፤ መርፌ መጥረግና ክንድ ማመዛዘን ደስታው ከሆነ ማን ይከለክለዋል? ብቻ ሌላው ቤተ ሰብ በዚያ በር እንዲያልፍ አይገደድ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ባትሪ ያላት ትንሿ ስፒከር ትመሰገናለችና አትጣል።

ስለ ክፍሉም ጥቂት እንበል። ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ፥ ግድግዳው ባዶ፥ መስኮቱ ያለ መጋረጃ የሆነ ሳሎን የውዱን መሣሪያ ድምፅ ያስተጋባዋል፤ ወፍራም ምንጣፍና መጋረጃ ከአዲስ ማጉያ ይልቅ የሚጠቅሙበት ቤት ብዙ ነው። ስፒከሩን ከማዕዘን ማራቅም ወጪ የለውም፤ በማዕዘን የተወተፈ ስፒከር ታችኛውን ድምፅ አብዝቶ ያጐራል።

ወደ ሱቅ የሚሄድ ሰው የሚወደውን የበገና ቅጂ በስልኩ ይዞ ይሂድ፤ ቢቻልም እናቱን ወይም ባለቤቱን ያስከትል። ሻጩ መሣሪያውን ከከፈተ በኋላ አጥፍቶ ፈቀቅ ይበልና እመቤቲቱ ራሳቸው ይክፈቱት። የከፈቱት እንደ ሆነ ያን ጊዜ በገናውን መስማት፥ ከዚያም ስለ ዋጋው መነጋገር ይቻላል።