ዓባይ በረሃን ማን ይሥራልን?

አጎቴ ሠላሳ ዓመት ተሳቢ ነድቷል። ባለፈው እሁድ ቤት መጥቶ «ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2» ስጫወት ከኋላዬ ቆሞ ያየኝ ጀመር። መጀመሪያ ሳቀብኝ። ቆየት ብሎ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጣሊያን አገር ካራራ ከሚባለው የእብነ በረድ ተራራ ድንጋይ ጭኜ ቁልቁለቱን እየወረድኩ ነበር። «ማርሽ ቀንስ! ፍሬኑን አታቃጥለው፣ በሞተር ያዘው!» ብሎ ጮኸብኝ። ጭነቱን በሰላም ሳራግፍ አይቶ አይቶ አንድ ነገር ጠየቀኝ፦ «ዓባይ በረሃ የለውም እንዴ?»

የለውም። ይሄን ስነግረው አፈርኩ ብል አልዋሸሁም።

ወገን፣ ይሄ የጌም ወሬ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ጌሙን የሠራው ፕራግ ከተማ ያለ ኤስሲኤስ ሶፍትዌር የሚባል ድርጅት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የቼክ ሕዝብ ከአሥር ሚሊዮን ትንሽ ቢበልጥ ነው። እነዚህ ሰዎች የአገራቸውን መንገድና የጎረቤቶቻቸውን አገር አንድ በአንድ ሠርተው ለዓለም ሸጡ። ስዊድን ስትሄዱ የቮልቮንና የስካኒያን ፋብሪካ ታገኛላችሁ። ፈረንሳይ ስትገቡ የኑክሌር ኃይል ማመንጫው ከመንገዱ ዳር ይታያል። እርሻው፣ ወደቡ፣ የእንጨት መሰንጠቂያው፣ ሁሉም አለ። ስዊድንን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የየተቦሪን መውጫ በቃሉ ያውቀዋል። የሞጆን ደረቅ ወደብ ግን በየት በኩል እንደሚገባ አያውቅም። እኔም አላውቅም ነበር።

በይፋ በወጡት የጌሙ ካርታዎች ውስጥ አንድም የአፍሪካ አገር የለም። ታዲያ እነሱን ልንከስ ነው? አይደለም። ሰው መጀመሪያ የሚሠራው የራሱን ቤት ነው። ጥያቄው እኛ የራሳችንን ለምን አልሠራንም የሚለው ነው።

«ገንዘብ የለንም» የሚል አይጠፋም። ፕሮሞድስ የሚባለውን ግዙፍ ተጨማሪ ካርታ የሠሩት በትርፍ ሰዓታቸው የሚሠሩ ፈቃደኞች ናቸው፤ አይስላንድን ሳይቀር ጨምረውበታል። ኢንዶኔዥያዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ማሌዮ በሚባል የአገራቸው ድርጅት በኩል በስልክ የሚሠራ የአውቶቡስ ጌም አወጡ። የራሳቸው አውቶቡስ፣ የራሳቸው መንገድ፣ የራሳቸው ጥሩምባ። ማንም መጥቶ እስኪሥልላቸው አልጠበቁም።

አሁን የእኛን አስቡት። ከሞጆ ተነስታችሁ አዳማን አልፋችሁ ወደ መተሐራ። በስተጎን ውኃው እየሰፋ መንገዱን ሲያስጨንቅ የኖረው በሰቃ ሐይቅ። ከዛ አዋሽ፣ ሚሌ፣ ሎጊያ፣ ጋላፊ፣ እስከ ጅቡቲ ድረስ ያ ሙቀት። በሌላ በኩል ከደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ጭናችሁ፣ በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቆፈረውን የጣርማበር ዋሻ በጉም ውስጥ አልፋችሁ ወደ ደብረ ሲና መውረድ። በ1946 ዓ.ም. ከሆላንዶቹ ኤች ቪ ኤ ጋር ሥራ የጀመረው የወንጂ ስኳር። የመሰቦ ሲሚንቶ ከመቀሌ። የአርባ ምንጭ ሙዝ፣ የጅማ ቡና፣ የመተማ ሰሊጥ፣ የአፍዴራ ጨው፣ የአወዳይ ጫት። ይሄ ሁሉ ጭነት ነው። አገርን ያሰረው ገመድ ይሄ ነው፤ መፈክር አይደለም።

እዚህ ላይ ግን ለራሳችን ልጆች አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ዕድሉን ብናገኝ መጀመሪያ የምንሠራውን አውቀዋለሁ። የዓድዋ ድል መታሰቢያን፣ የንግድ ባንክን ረጅም ሕንፃ፣ መብራት የተደረደረበትን አዲሱን የአዲስ አበባ ጎዳና እንሠራለን፤ ስክሪንሾት አንስተን እንለጥፋለን፤ በቃ። ያ አገር መሥራት ሳይሆን ፖስተር መሥራት ነው።

ጌሙ መሬትን አሳንሶ ነው የሚያሳየው፦ መሬት ላይ ያለ 19 ኪሎ ሜትር ካርታው ላይ 1 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው 40 ኪሎ ሜትር ያህል የዓባይ በረሃ መንገድ 2 ኪሎ ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ መምረጥ ግድ ነው። ከዛ ሁሉ ጠመዝማዛ የትኛውን ታስቀራላችሁ? በጃፓን ድጋፍ የተሠራውን የህዳሴ ድልድይ ማንም አይረሳውም። ከጎኑ ያለውን አሮጌውን ድልድይስ? ፍሬኑ ጭሶ ጥግ የያዘውን መኪና፣ ከጎማው ስር ድንጋይ የሚያስገባውን ረዳት፣ መንገድ ዳር የተደረደረውን ከሰል፣ አስፋልቱ ላይ የተኛውን ከብት፣ በባሕር ዛፍ እንጨት ተደግፎ ሳያልቅ የቀረውን ፎቅ፣ የዛገውን ቆርቆሮስ? እነዚህን ካስወጣን የቀረው የማን አገር ነው?

የቼክ ልጆች እኮ የፋብሪካቸውን ዝገት አልደበቁም። ተጫዋቹ «እውነት ነው» ብሎ የሚያምነው ከሕንፃው ይልቅ በዝገቱ ነው። አገሩን የሚወድ ሰው አገሩን ሳይቀባባ ማየት መቻል አለበት። በድህነታችን ማፈር አንድ ነገር ነው፤ በዛ ድህነት ውስጥ ሌሊት ሙሉ ነድቶ ዘይቱንና ማዳበሪያውን የሚያደርስልንን ሰው ከሥዕሉ ማውጣት ግን ክህደት ነው።

«አገር እየታመሰች ጌም?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። በነዚህ መንገዶች ላይ ሾፌሮች ታግተዋል፣ ተገድለዋል። ብዙዎቻችን ዛሬ ከተማችንን ለቀን ለመውጣት እንፈራለን። የእኛ ትውልድ አገሩን የሚያውቃት በመንገድ ሳይሆን በኮመንት ነው። ስለ ካርታ ቀን ከሌት እንሰዳደባለን፤ መስመሩ የት ይለፍ እያልን። ያንን መስመር ላይ ያለችውን ከተማ ግን ምን ጭና እንደምትልክ፣ ምን እንደሚመጣላት ብንጠየቅ መልስ የለንም። የማያውቁትን አገር መውደድ ባዶ ጩኸት ነው። ጌም ሰላም አያመጣም፤ ግን የመቀሌውን ልጅ፣ የነቀምቱን ልጅ፣ የጅግጅጋውን ልጅና የደሴውን ልጅ «የናንተ መናኸሪያ በሩ በየት በኩል ነው?» ተባብለው እንዲነጋገሩ ያደርጋል። ተሳቢ የሚያውቀው መንገድና ጭነት ነው፤ ሾፌሩን ዘር አይጠይቀውም። ካርታችንም እንደዛ ይሁን።

ምን እናድርግ? አንደኛ፣ ካርታ መሥሪያው ከጌሙ ጋር አብሮ ይመጣል፤ ሕንፃ የሚሠራበት ብሌንደርም ነፃ ነው። ሁለተኛ፣ ኮምፒውተር የሌለው በስልኩ ይጀምር፤ ኦፕን ስትሪት ማፕ ላይ የሰፈሩን መንገድና ወፍጮ ቤት ይመዝግብ። ሦስተኛ፣ የአካባቢያችሁን ነዳጅ ማደያ፣ መጋዘን፣ የገበያ ቦታ ፎቶ አንሱ። ወታደር፣ ኬላ፣ የጸጥታ ተቋም ግን አታንሱ፤ ሰውንም ሳታስፈቅዱ አታንሱ። አራተኛ፣ ሾፌሮችን ጠይቁ። የትኛው ኩርባ ላይ ስንተኛ ማርሽ እንደሚያዝ ሳተላይት አይነግራችሁም። ሥራው ወራት ይፈጃል፤ የአንድ ሌሊት ሆይ ሆይታ አይደለም። አንድ ከተማ በደንብ ከተሠራ ይበቃል፤ ሌላው ይከተላል።

አጎቴ ያን ቀን ሳይሄድ ሁለት ሰዓት ቆየ። ዓባይ በረሃን በእጁ አየር ላይ እየሣለ ነገረኝ፦ እዚህ ጋ ትይዛለህ፣ እዚህ ጋ ጥሩምባ ትነፋለህ፣ እዚህ ጋ ጓደኛዬ የቀረበት ነው። ሁሉንም ደብተር ላይ ጻፍኩት። «ጓደኛዬ የቀረበት» ያለውን ኩርባ ቀድሜ እሠራዋለሁ።

እናንተስ የትኛውን መንገድ ትሠራላችሁ? የከተማችሁን ስምና የምትጭነውን ነገር ኮመንት ላይ አስቀምጡ። ሾፌር አባት ወይም አጎት ላለው ጓደኛችሁ ሼር አድርጉት።

ኢትዮጵያ ለዘላለም ትኑር!